ስልሳ አንድ ለስልሳ

ሜይ 3፣ ቅዳሜ

ስልሳ አንድ ለስልሳ።

አሸነፍኩ። የስብሰባው መሪ ፋርማሲስቱ ሜኖ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አነበበው፤ መጀመሪያ ለራሱ በሹክሹክታ፣ ቀጥሎ ለአዳራሹ። ተፎካካሪዬ ፎኮ ብሮንስ ወንበሩን ገፍቶ መጣና ጨበጠኝ። ዕድሜ ልኩን ላም ያለበ እጅ ነው፣ ጣቶቼን አደቀቃቸው። "ሁለቱን ጎረቤቶቼን ጉንፋን ባይጥላቸው ኖሮ ዛሬ ቤትሽ ትቀሪ ነበር" አለኝ። አዳራሹ ሁሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ።

በዚህች የባሕር ዳር ከተማ፣ በኦስተርዚል፣ ሃያ አንድ ዓመት ጠበቃ ሆኜ ኖሬያለሁ። አሁን በሴፕቴምበር ለብሔራዊ ምክር ቤት የፓርቲያችን ዕጩ ነኝ። የእኛ ምርጫ ክልል ደግሞ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ሌላ ፓርቲ መርጦ አያውቅም። ዛሬ ያሸነፈ በመከር በርሊን ገባ ማለት ነው።

እናቴ አርባ ዓመት ላም ስታልብ፣ ሣር ስታጭድ፣ የታመመ ጥጃ አቅፋ ስታድር ኖራ ስትሞት፣ መዝገቡ ላይ "ሥራ፦ የለም" ተብሎ ነው የተጻፈላት። የጡረታውን ሕግ ሲጽፉ የገበሬ ሚስት ምን እየሠራች እንደምትውል የሚነግራቸው ሰው አልነበረም። እኔ ያ ሕግ የሚጻፍበት ክፍል ውስጥ መቀመጥ እፈልጋለሁ። ይኸው ነው። ሌላ ምኞት የለኝም።

ሜይ 5

ዳቦ ቤት ተሰልፌ፣ ከኋላዬ ሁለት ሴቶች፦

"ጠበቃዋ አለፈች አሉ።"

"በአንድ ድምፅ እኮ ነው።"

"አንድስ ብትሆን? እህቴን ከዚያ ሰካራም ያፋታቻት እሷ አይደለች? ቀነ ቀጠሮ አታሳልፍም፣ ፊርማ አትረሳም።"

ዘወር ስል ምንም እንዳላሉ ሆነው "ሞይን!" ብለው ሰላም አሉኝ። እኔም "ሞይን!" አልኩ። ዳቦዬን ይዤ ስወጣ ደስ ብሎኝ ነበር።

ሜይ 7

ኢምኬ አሥራ ስድስት ዓመት ጸሐፊዬ ነች። በስብሰባው ድምፅ ለሰጡት ተወካዮች ሁሉ የምስጋና ደብዳቤ እያዘጋጀች ሳለ አንድ መዝገብ ይዛ ገባችና በሩን በእግሯ ዘጋችው።

"የጋሽ ሂንሪክ ሳትሆፍ ነው" አለች። "በስብሰባው ድምፅ ሰጥተዋል፤ ከኖቬምበር ጀምሮ የሚኖሩት ግን ልጃቸው ጋ ነው። ከቦዩ ማዶ።"

"እና?"

"ከቦዩ ማዶ ሌላ የምርጫ ክልል ነው።"

"እና ኢምኬ?"

"እናማ እኔ ጸሐፊ ነኝ። ጠበቃዋ አንቺ ነሽ።"

መዝገቡን ጠረጴዛዬ ላይ ትታው ወጣች።

ሜይ 8

ሕጉን ከፈትኩት። እንደማውቀው ነው።

በዕጩ ምርጫ ስብሰባ ድምፅ የሚሰጥ ሰው በዚያ ቀን በክልሉ ውስጥ ነዋሪ መሆን አለበት። ካልሆነ ድምፁ ድምፅ አይደለም። በአንድ ድምፅ በተለየ ምርጫ ደግሞ ሁሉም ነገር ፈረሰ ማለት ነው።

የዕጩዎች ወረቀት ማስገቢያ ጁላይ አጋማሽ ላይ ይዘጋል። ከዚያ በፊት ከታወቀ ስብሰባው ይደገማል። ከዚያ በኋላ ከታወቀ ፓርቲው በዚህ ክልል ዕጩ አይኖረውም።

ግን ይህን ያወቅሁት በጠበቃነቴ ነው። ጋሽ ሂንሪክ ቤታቸውን ለወንድማቸው ልጅ ሲያስተላልፉ ውሉን ያዋዋልኩት እኔ ነኝ። የደንበኛ ምስጢር ነው። አፌ በሕግ ተዘግቷል።

ስለዚህ ዝም ማለት ግዴታዬ ነው።

ግዴታዬ ነው።

ሜይ 11፣ እሑድ

ባለቤቴ አይለርት ወደ ደሴቱ የምትሄደዋ ጀልባ ካፒቴን ነው። እሑድ እሑድ አብሬው እሄዳለሁ፤ እሱ ይነዳል፣ እኔ መስኮቱ ጋ ተቀምጬ እጽፋለሁ። ዛሬ ባሕሩ ጸጥ ብሏል።

ስለ ጋሽ ሂንሪክ ሳላስብ ያለፈ ሰዓት የለም። ሠላሳ ዓመት የባሕር ግድባችን ሹም ነበሩ። እኔ የስድስት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ያ ማዕበል የመጣ ክረምት፣ ውኃው የግድቡን ጫፍ ሲልስ ሁለት ቀን ሙሉ ሳይተኙ የአሸዋ ጆንያ ሲያስደረድሩ የነበሩ ሰው ናቸው። አባቴ "ዛሬ ቤት አለን የምንል በሂንሪክ ነው" ይል ነበር። ባለፈው ዓመት ዳሌያቸው ተሰበረ፤ ደረጃ መውጣት አቃታቸው። ልጃቸው ወሰደቻቸው።

እሳቸው ግን ለጎረቤት አልተናገሩም። ጠዋት በመጀመሪያው አውቶቡስ ይመጣሉ፣ የወንድማቸው ልጅ ገና ያልገባበትን የአሮጌ ቤታቸውን መስኮት ይከፍታሉ፣ ዶሮዎቹን ይቀልባሉ፣ በር ላይ ተቀምጠው አላፊ አግዳሚውን ሰላም ይላሉ። ሲመሽ መስኮቱን ዘግተው በመጨረሻው አውቶቡስ ይመለሳሉ። መንደሩ በሙሉ እዚያው የሚያድሩ ይመስለዋል።

የሚገርመው ደግሞ ይሄ ነው። በተዛወሩ በሦስተኛው ቀን መታወቂያቸውን ይዘው ማዘጋጃ ቤት ሄደው አዲሱን አድራሻ አስመዘገቡ። "ሕጉ ሁለት ሳምንት ይላል፣ እኔ ሦስት ቀን በቃኝ" ብለው ነገሩኝ፤ ኮርተው። ከጎረቤት ደብቆ ለመንግሥት የሚያሳውቅ ሰው ከእኛ ሌላ የት አገር ይገኛል? ባያስመዘግቡ ኖሮ ድምፃቸው በጸና ነበር። ሕግ ማክበራቸው ነው መብታቸውን የወሰደባቸው። ፓርቲው ግን አልሰማም፤ ስማቸው በድሮው ዝርዝር ላይ እንዳለ ነው።

አይለርት መሪውን ይዞ፣ ሳያየኝ፣ "ከስብሰባው ወዲህ ሁለት ጊዜ ሻይሽን አማስለሻል" አለኝ።

እኛ አገር ሻይ አይማሰልም። አንኳር ስኳሩ ከሥር ይቀልጣል፣ ስልባቦቱ ከላይ ይንሳፈፋል፣ እንደዚያው ይጠጣል። ያማሰለ ሰው ወይ እንግዳ ነው ወይ ሐሳብ ገብቶታል።

"አንድ መዝገብ ነው" አልኩት።

"መዝገብ ሁልጊዜም አለሽ" አለኝ።

ሜይ 14

የግድብ ፍተሻ ቀን። በየዓመቱ በዚህ ሰሞን የግድቡ ማኅበር አባላት ተሰልፈው ስንጥቅና ጉድጓድ እየፈለጉ ግድቡን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእግር ይሄዱበታል። የማኅበሩ ጠበቃ ስለሆንኩ እኔም ቦቲ አጥልቄ ከኋላ እከተላለሁ።

ጋሽ ሂንሪክ በትራቸውን ይዘው ከሁላችን ቀድመው ደርሰዋል።

"እርስዎማ ሁልጊዜ ቀዳሚ ነዎት!" አላቸው ፎኮ።

"ቤቴ እዚሁ አይደል እንዴ!" አሉት። እኔን አላዩኝም። አውቶቡሱ ያወረዳቸው ገና ከሰባት ደቂቃ በፊት ነው፣ መኪናዬ ውስጥ ሆኜ አይቻለሁ።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ በትራቸው አንድ ቦታ ሰመጠ። የፍልፈል ጉድጓድ። አፉ ላይ የታጨደ ሣር ተጎዝጉዟል። ጎንበስ ብለው ሣሩን ገለጡት።

"ይህን ያየ ሰው አለ" አሉ። "አይቶ ነው የሸፈነው። ባላየ ይሻለው ነበር።"

በግድቡ ላይ በጎች የሚያግደው እረኛ ቀላ። እኔ ቦቲዬን አየሁ።

ሜይ 16

ሬዲዮ። ጋዜጠኛዋ ልጅ ነች፣ ፈጣን።

"በአንድ ድምፅ ማሸነፍ ምን ስሜት ይሰጣል?"

"እያንዳንዱ ድምፅ ዋጋ አለው" አልኳት።

መኪና ውስጥ ሲደገም ሰማሁት። ዘጋሁት።

ሜይ 20

ሜኖ ነጭ ካፖርቱን ሳያወልቅ ከፋርማሲው መጣ። ለምርጫ ኃላፊው የሚገባውን ወረቀት ይዟል። ስብሰባውን የመራ ሰው ሁሉም ነገር በሕጉ መሠረት መከናወኑን፣ ድምፅ የሰጡት ሁሉ መብት እንደነበራቸው በመሐላ ያረጋግጣል።

"የት ጋ ነው የምፈርመው?" አለ፤ ብዕሩን አውጥቷል።

ሜኖ ለገዛ እናቱ እንኳ ያለ ሐኪም ወረቀት ክኒን የማይሰጥ ሰው ነው።

"ለጥቂት ቀን ተውልኝ፣ ልየው።"

"ምን የሚታይ አለው?"

"ጠበቃ አይደለሁ? ሳላነብ ሰው አላስፈርምም።"

ሳቀ። "ለዚህ እኮ ነው የመረጥንሽ" ብሎኝ ሄደ።

ወረቀቱ ፊቴ ነው። እኔ በርሊን እንድገባ ሜኖ ሳያውቀው በሐሰት ሊምል ነው።

ሜይ 21

ይህን ደብተር መዋሸት ይብቃኝ።

ኢምኬ እንደነገረችኝ አድርጌ ጽፌያለሁ። አዎ፣ ነገረችኝ። ግን በአፕሪል ድጋፋቸውን ለመለመን ለተወካዮቹ ሁሉ በእጄ ደብዳቤ ስጽፍ፣ የጋሽ ሂንሪክን ፖስታ አድራሻ የጻፍኩት ራሴ ነኝ። አዲሱን አድራሻ። ከቦዩ ማዶ ያለውን። ጽፌ ስጨርስ እጄ ቆመ፤ መቆሙ ትዝ ይለኛል። ከዚያ ቴምብሩን ለጠፍኩበት።

ድምፅ እየቆጠርኩ ነበራ። እኚህ ሰው የእኔ ናቸው፣ ያስፈልጉኛል ብዬ ነበር።

ምስጢር ምስጢር ስል የሰነበትኩት ለደንበኛዬ ብዬ አይደለም። አፈርኩ። ቀን ተቆጥሮ ጁላይ እስኪደርስ ነበር የምጠብቀው።

ሜይ 22

ጋሽ ሂንሪክ አሮጌው ቤታቸው ሻይ አፈሉልኝ። ወጥ ቤቱ ሳይኖሩበት እንኳ ንጹሕ ነው። የመጀመሪያውን ስኒ ስለ ዶሮዎቹ እያወራን ጠጣን። በሁለተኛው ነገርኳቸው። ድምፃቸው እንደማይቆጠር፤ ምክንያቱን ለፓርቲው እንድናገር ይፈቅዱልኝ ዘንድ እንደመጣሁ።

የስኳሩን ዕቃ ከደኑት።

"ሃምሳ አንድ ዓመት አባል ነኝ" አሉ። "ድምፅ የለህም ያለኝ ሰው የለም።"

"ሕጉ ነው፣ ጋሽ ሂንሪክ።"

"ሕጉንማ አውቀዋለሁ! አክብሬው አይደል እዚህ የደረስኩት!" ስኒያቸው ተንቀጫቀጨ። "የግድብ ሹም የነበረው ሰውዬ አሁን ከግድቡ ጀርባ አያድርም፣ ልጁ ጋ ተጠግቷል፣ ብለሽ ለእነዚያ ሁሉ ልትነግሪያቸው ነው?"

"ካልፈቀዱልኝ አልናገርም።"

"አልፈቅድም።" ከዚያ "ለማን እንደመረጥኩ ታውቂያለሽ?" አሉኝ።

"አልጠይቅዎትም። ምስጢር ነው።"

"አንቺ ልጅ ሁሉን የምታውቂ ይመስልሻል" አሉ። "በርሊን ከሄድሽ ደግሞ ወረቀቶቼን ማን ያይልኛል? እሱን አስበሽዋል?"

ማንቆርቆሪያውን አንስተው ወደ ዕቃ ማጠቢያው ወሰዱት። እኛ ዘንድ ሦስት ስኒ ሳይጠጣ እንግዳ አይሸኝም። ሁለት ብቻ ቀድተውልኝ ሸኙኝ። በሩ ላይ እንባዬ መጣ፤ ዶሮዎቹ አዩኝ።

ሜይ 23

ለአይለርት ስም ሳልጠራ ነገርኩት።

"ዕጩነቱን ተዪው" አለኝ። "ምክንያት ተናገሪ አትባዪም። ፎኮ ይሂድ፣ አንቺም እንቅልፍሽን ትተኚያለሽ።"

አሰብኩት። እውነቱን ነው፣ ይቀላል። ግን እኔ መሸሽ አልፈልግም፤ በእውነተኛ ቁጥር ማሸነፍ እፈልጋለሁ። እናቴ ጥጃ ሲሞትባት ላሟን አልሸጠችም።

ሜይ 24

ለሜኖ ወረቀቱን ሳይፈረም መለስኩለት።

"ስብሰባው ይደገም። ጉድለት አለበት።"

"ምን ጉድለት?"

"ልነግርህ አልችልም።"

"ማን ነው ያጎደለው?"

"እሱንም አልችልም። ግን እንዳትፈርም። ከፈረምክ ትዋሻለህ።"

ፊቱ እንደ ካፖርቱ ነጣ። "ቶማ፣ አንቺ ያደረግሽው ነገር ነው?"

ፖስታውን አሰብኩ። "ዝም ያልኩት እኔ ነኝ" አልኩት።

የስብሰባ ጥሪ ለማውጣት ሦስት ሳምንት ያስፈልጋል። ጁን 21 ተባለ።

ሜይ 27

ፎኮ ቀጠሮ ሳይዝ ቢሮዬ ገባ። ቆሞ ነው ያናገረኝ።

"ምን ሰረቅሽ?"

"ምንም አልሰረቅሁም።"

"አሸንፈሽ ሳለ ድገሙልኝ ትያለሽ? እኔ እንደዚህ የሚያደርግ ሰው አይቼ አላውቅም። ላሞቼ እንኳ የታለበውን መልሱልኝ አይሉም።"

"ሁለተኛ ዕድል አገኘህ፣ ምን ያናድድሃል?"

"የሚያናድደኝ" አለ ጣቱን ቀስሮ፣ "ብታሸንፊም ብትሸነፊም ሐቀኛዋ አንቺ መሆንሽ ነው!"

ኢምኬ ከማዶ ክፍል ሳቋን በሳል አስመስላ ዋጠችው።

ጁን 5

ዳቦ ቤት።

"ሰርቃ ነው አሉ።"

"ምኑን?"

"ድምፅ ነዋ።"

"ድምፅ እንዴት ይሰረቃል?"

"ጠበቃ አይደለች? ታውቅበታለች።"

ስለ እህቷ ፍቺ ያመሰገነችኝ ያችው ሴት ነች። አልዞርኩም። ሁለት ዳቦ ገዝቼ በዝግታ ወጣሁ።

ጁን 9

ኢምኬ፦ "ዛሬ ሦስት ደንበኞች መዝገባቸውን ወሰዱ። አራተኛው ሊወስድ መጥቶ ሻይ ሲጠጣ ረሳው።"

እናገራለሁ ብል በሁለት ዓረፍተ ነገር ስሜ ይነጻል። አልናገርም። አሁን ዝምታው ዋጋ አስከፈለኝ፤ አሁን ነው እውነተኛ ምስጢር የሆነው።

ጁን 13

ጋሽ ሂንሪክን አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ አየኋቸው። መኪናዬን አቀዘቀዝኩ። ፊታቸውን ወደ ባሕሩ አዞሩ።

ጁን 18

በየመንደሩ እየዞርኩ ነው። ዛሬ አራት ቤት። አንዱ በሩን አልከፈተም፣ መጋረጃው ግን ተንቀሳቀሰ። አንዷ ሴት "ምክንያቱን ካልነገርሽን እንዴት እንመንሽ?" አለችኝ። "ያንቺን ጉዳይስ ለሌላ ሰው ብነግር ታምኚኝ ነበር?" አልኳት። አሰበችና ወንበር ሳበችልኝ። ነገ አምስት ቤት አለኝ።

ጁን 21፣ ቅዳሜ

በሩ ላይ ሜኖ የተወካዮቹን ዝርዝር ይዞ ተቀምጧል። ጋሽ ሂንሪክ ያንን የግድብ ሹምነት ሰማያዊ ኮታቸውን ለብሰው መጡ።

"እዚህ ጋ ይፈርሙ፣ ጋሽ ሂንሪክ።"

"አልፈርምም።"

በትራቸውን ይዘው በአዳራሹ መሐል ወደ ፊት ሄዱ። ወሬው ሁሉ ቆመ። ድምፅ ማጉያ አልያዙም፤ በማዕበል ውስጥ ሲጮህ የኖረ ሰው አያስፈልገውም።

"እኔ ከኖቬምበር ጀምሮ ከቦዩ ማዶ ነው የማድረው" አሉ። "ልጄ ጋ። ዳሌዬ ነው። ጠዋት በአውቶቡስ እመጣለሁ፣ ማታ እመለሳለሁ። ባለፈው ድምፅ ስሰጥ መብት አልነበረኝም። ይህች ልጅ ምስጢሬን ጠብቃ ሌባ ተባለች። ሌባ ካላችሁ እኔ ነኝ፤ እኔም ሳላውቅ ነው። አበቃሁ።"

ከዚያ ፎኮ ከወንበሩ ተነስቶ፣ "ጋሽ ሂንሪክ፣ ጠዋት ጠዋት እኔ ወተት ይዤ በዚያ ነው የማልፈው። ለምን አውቶቡስ ይጠብቃሉ?" አላቸው።

"ወተት ይሸታል መኪናህ!" አሉት፤ አዳራሹ ፈነዳ።

እኔ መናገር ሲደርሰኝ የጻፍኩትን ንግግር ተውኩት። ስለ ፖስታው ነገርኳቸው። አድራሻውን በእጄ እንደጻፍኩት፣ እጄ እንደቆመ፣ እንዳለፍኩት፣ ከዚያም ሦስት ሳምንት ዝም እንዳልኩ። "ይህን አውቃችሁ ምረጡ" አልኩና ስለ እናቴ ጡረታ ተናግሬ ተቀመጥኩ።

የድምፅ ሳጥኑ ሲዞር ጋሽ ሂንሪክ ከኋላ ካለው የሻይ ጠረጴዛ አንድ ስኒ ይዘው፣ እያነከሱ፣ ሳያፈስሱ መጡ። ፊቴ አስቀመጡት።

"ሦስተኛሽ ቀርታ ነበር" አሉኝ።

ስልሳ ሰባት ለሃምሳ አንድ።

ኦክቶበር 17፣ በርሊን

የመጀመሪያው ስብሰባ። ወንበሬ ከኋላ ሦስተኛው ረድፍ ነው፤ ከዚህ ሁሉም ሰው ጀርባ ነው የሚታየው። በጡረታ ጉዳይ ኮሚቴ ለመግባት ጥያቄዬን ትናንት አስገብቻለሁ። ቦታው ሞልቷል አሉኝ። ነገም እሄዳለሁ፣ ከነገ ወዲያም እሄዳለሁ።

የዕድሜ ባለጸጋው አባል መክፈቻውን ሲያነብ፣ ጠዋት ኢምኬ የላከችልኝን ፖስታ ከቦርሳዬ አወጣሁ። ከውስጡ ሌላ ፖስታ አለ። ላኪው ላይ ሙሉ ስማቸውና አዲሱ አድራሻ፣ ከቦዩ ማዶ ያለው፣ በራሳቸው ጽሑፍ።

"ልጄ ቶማ፣

ፎኮ ጠዋት ጠዋት ያመጣኛል። መኪናው አሁንም ይሸታል። ዶሮዎቹ ደህና ናቸው።

በሁለተኛው ስብሰባ ድምፅ ስላልነበረኝ፣ ለማን እሰጥ እንደነበር ማውራት ዋጋ የለውም። በመጀመሪያው ግን ያለኝ መስሎኝ ሰጥቻለሁ። ለፎኮ ነው የሰጠሁት። አትቀየሚኝ። አንቺ ከሄድሽ ወረቀቶቼን ማን ያይልኛል ብዬ ነው። ቤቴ መጥተሽ ስትለምኚኝ ልነግርሽ አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዓይንሽን ሳይ አፈርኩ።

በአንቺ ቦታ የገባው አዲሱ ጠበቃ ደህና ልጅ ነው። ሻይ ግን ያማስላል።

ሂንሪክ ሳትሆፍ"

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ በደብዳቤው ጀርባ በእርሳስ ጻፍኩ፤ ከፎኮ ስልሳ ላይ አንድ ሲቀነስ። ስልሳ አንድ ለሃምሳ ዘጠኝ።

ሳቄ አመለጠኝ። እጄን አፌ ላይ ጫንኩ፤ እንባዬም መጣ። ጎኔ የተቀመጠው ወፍራም የባቫሪያ ሰው ጎንበስ ብሎ፣ "ምን ሆነሻል፣ የሥራ ባልደረባዬ?" አለኝ።

"ያኔም አሸንፌ ኖሯል" አልኩት።

"ሁላችንም አሸንፈን እኮ ነው እዚህ የተቀመጥነው" አለኝና ወደ መድረኩ ዞረ።